የአክስቴ ወፍጮ ቤትና ማንንም አልጠራ ያለው ፈንክሽን

ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ሞጣ ውስጥ፣ አክስቴ ወፍጮ ቤት፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየኝ የደረሰብኝን ልጽፍላችሁ ነው። ማንም አልሞተም፤ ማንም አልቆሰለም። ሆኖም ከዚያ ቀን በፊት የነበርኩት ልጅና ይህን የምጽፈው ልጅ አንድ አይደለንም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ሳልቸኩል እነግራችኋለሁ።

ስሜ ይሄነው ነው። ያደግኩት ብቸና ሲሆን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጠባዬን እንድታውቁት ያህል፣ መምህር ክፍል ውስጥ ቀልዶ ማንም ካልሳቀ እኔ እስቃለሁ። የዶርም ልጆች የተለያየ ዕቃ እንድገዛላቸው ሲልኩኝ የሁሉንም ይዤ እመለስና የራሴን እረሳለሁ። እናቴ "ይህ ልጅ የጎረቤት ውሻ እንኳ ቅር እንዳይለው ይጨነቃል" ትላለች። እውነቷን ነው።

አክስቴ ጥሩወርቅ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባለቤታቸው ሲሞቱ ሞጣ ላይ አንድ ወፍጮ ትተውላቸዋል፤ ቤቱ የሚተዳደረው በእሱ ነው። ወፍጮ ቤት ሄዶ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ እዚያ ተራ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ጆንያ መሆኑን ልንገረው። ሰው ጆንያውን ከሰልፉ መጨረሻ ያቆምና ጉዳዩን ሊጨርስ ገበያ ይወጣል። ጆንያው ቆሞ ይጠብቃል። ችግሩ፣ ጆንያ ሲገፋ "ተገፋሁ" ብሎ አይጮህም። ባለቤቱ ሲመለስ ወደ ኋላ ቀርቶ ያገኘዋል፤ ከዚያ "ማን ነካው?" ይጀመራል። ይህ በየገበያው ቀን ይደገም ነበር። በዚህ መሃል ከአክስቴ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አዲስ ወፍጮ ተከፈተ።

ዕረፍት ወጥቼ ብቸና በገባሁ ማግስት አክስቴ ደወሉ።

"ይሄነው፣ ባንክ ቤት ሰዉ ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር ነው አሉ የሚጠራው።"

"አዎ፣ አክስቴ።"

"አንተ ደግሞ ኮምፒውተር ነው የምትማር።"

"ገና መጀመሪያ ዓመት ነኝ እንጂ..."

"እንግዲያው ለእኔም ሥራልኝ። ደንበኛዬ ጠብ ሰልችቶት ወደ ማዶ እየተሻገረብኝ ነው። እንዲህ ከቀጠለ ወፍጮዬን ዘግቼ አንተን ልጠብቅ ነው?"

"እሺ" አልኳቸው። እሺ ለማለት ጊዜ ፈጅቶብኝ አያውቅም።

ዳታቤዝ የሚባለውን ትምህርት በደንቡ የምንማረው ወደፊት ነው። እኔ ግን የከፍተኛ ዓመት ተማሪዎች ክፍል ገብቼ የኋላ ወንበር ላይ እየተቀመጥኩ ጀምሬው ነበር። ሰናይት የምትባል የብቸና ልጅ፣ የክፍሌም ልጅ፣ አብራኝ ትገባለች። እኔ መምህሩ የሚለውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ እሷ ምንም አትጽፍም፣ ግን የገባት እሷ ናት።

የአክስቴን ጉዳይ ይዤ አባቷ ሱቅ ሄድኩ። ሰናይት ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣ ባቄላ ትበላለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ዳታቤዝ ውስጥ መረጃው በሰንጠረዥ ይቀመጣል፤ ማን መጣ፣ መቼ መጣ፣ ምን ይዞ መጣ። ከዚያ "ቀጣዩ ማነው?" ብላችሁ ስትጠይቁት ስም የሚመልስላችሁ ፈንክሽን ትጽፋላችሁ። ፈንክሽኑን ለመጻፍ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ነጠላ ኩዌሪ ነው፤ የምትፈልጉትን ትናገራላችሁ፣ ዳታቤዙ እንዴት እንደሚያገኘው ራሱ ያውቅበታል። ሌላው ፕሮሲጀራል የሚባለው ነው፤ መጀመሪያ ይህን አድርግ፣ እንዲህ ከሆነ እንዲያ አድርግ፣ ካልሆነ ተመለስና ድገም እያላችሁ እያንዳንዱን እርምጃ ታዛላችሁ። የመጀመሪያው ምግብ ቤት ተቀምጦ "ሽሮ አምጪልኝ" እንደማለት ነው። ሁለተኛው ወጥ ቤት ገብቶ ሽንኩርቱን ከማስላጥ ጀምሮ እንደማዘዝ።

"ነጠላ ኩዌሪ ነው የሚበቃህ" አለች ሰናይት። "ከሚጠብቁት ውስጥ ቀድሞ የመጣውን አምጣ። አለቀ።"

"እሱማ ትንሽ መስመር ነው።"

"ትንሽ ቢሆንስ?"

"አክስቴ ምን ይላሉ? ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ይህችን ይዞ መጣ አይሉም?"

"አክስትህ መስመር ሊቆጥሩ ነው እንዴ?"

"ደግሞ ወፍጮ ቤት ባንክ አይደለም። የሚከበር ሰው አለ፣ የሚቀደም ሰው አለ። ይሄ ሁሉ በአንድ ኩዌሪ አይገባም።"

ሰናይት ባቄላውን ዋጥ አደረገችና አየችኝ። "አንተ ሰው ማስደሰት ፈልገህ እንጂ ሥራው ፕሮሲጀራል ፈልጎ አይደለም" አለችኝ። ትንሽ ከፋኝ። ቢሆንም ስወጣ አመሰገንኳት።

ቤት ገብቼ ፕሮሲጀራል ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን ፈንክሽኑ በእርግጥ አጭር ነበር። ከዚያ አክስቴ እየደወሉ ያስታውሱኝ ጀመር።

"ይሄነው፣ የለቅሶ ቤት እህል ሲመጣ ሰው ሁሉ ያሳልፋል። እሱን አስገባው።"

አስገባሁት።

"ይሄነው፣ የአራስ ቤት ገንፎም እንደዚያው ነው።"

አስገባሁት።

"ሽማግሌ ቆሞ ወጣት አይቀድምም፤ መቼም ይህን አንተም ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ፣ አክስቴ።"

"ካህንም እንዲሁ። ብቻ ቄሱ ልጅ ከሆኑና ሽማግሌ ካለ፣ ራሳቸው ቄሱ ናቸው ሽማግሌውን ይቅደሙ የሚሉት።"

"ገብቶኛል።"

"የከተማው ሰው ደግሞ ከሩቅ ገጠር የመጣ ካለ ያስቀድማል። መንገድ አለበት።"

እኔ ይህን ሁሉ ልክ እንደ ሰው አድርጌ ጻፍኩት። ፈንክሽኑ መጀመሪያ ቀድሞ የመጣውን ሰው ያነሣል። ከዚያ "ይህ ሰው ሊያሳልፈው የሚገባ ሌላ ሰው ሰልፉ ውስጥ አለ ወይ?" ብሎ ይፈልጋል። ካለ፣ የመጀመሪያውን ትቶ ያንን ይይዛል። ስለ እሱም እንደገና ይጠይቃል። የሚያሳልፈው ሰው ያጣ ጊዜ፣ የያዘውን ስም ይጠራል። በኮምፒውተር ቋንቋ ሉፕ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ "እርስዎ ይቅደሙ" ማለት ነው። ሳነበው አንጀቴ ራሰ። ትሕትና ያለው ፕሮግራም ጽፌያለሁ ብዬ አሰብኩ። በቤተሰቤ ስም ሞከርኩት፤ አባቴን ከእናቴ፣ አያቴን ከጎረቤታችን ጋር እያደረግኩ። ሁሌም ትክክለኛውን ሰው ጠራ። ሁለት ሁለቱን ብቻ እንደሞከርኩ ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ላፕቶፔን ታቅፌ ሞጣ ወረድኩ። አክስቴ አሮጌ ቴሌቪዥናቸውን ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ አሰቅለው ጠበቁኝ፤ የባለተራው ስም እዚያ ላይ በትልቁ እንዲወጣ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁት። ቤቱ ውስጥ ዓለሙ የሚባል ወፍጮውን የሚያስነሣ ሰው አለ። ፊቱ፣ ፀጉሩ፣ ሽፋሽፍቱ ሁሉ ዱቄት ነው፤ ሲስቅ ብቻ ነው ቀለሙ የሚታወቀው።

ገበያ ባልሆነበት ቀን ጀመርነው። ሰው ይመጣል፣ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ከየት እንደመጣ፣ እህሉ ለምን እንደሆነ እመዘግባለሁ፣ ጆንያውን ያስገባና ይቀመጣል። ቴሌቪዥኑ ይጠራዋል። አክስቴ ከበር ላይ ቆመው መንገዱን ማዶ ያያሉ። ደስ ብሏቸዋል።

"አሁንማ ጆንያ ማሰለፍም አያስፈልግም" አሉ ለደንበኞቹ። "የትም ጣሉት፣ ልጁ ያውቀዋል።"

ሰዉም የትም ጣለው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ መዘዝ ያመጣው ይህ ነው።

በማግስቱ ወሬው ከተማውን አዳርሶ ነበር። ኮምፒውተሩ ሽማግሌ ያስቀድማል ተብሏል። ጋሽ ተድላ የሚባሉ የሰፈር ሰው ሊመዘገቡ መጡ።

"ዕድሜዎ ስንት ነው፣ ጋሼ?"

"ስንት ሲሆን ነው የሚያስቀድም?"

"ከስልሳ በላይ።"

"እንግዲያው ሰባ በል።"

ከኋላቸው የቆመች ሴት "ምነው ጋሽ ተድላ፣ ቀበሌ ሲመዘገቡ ሃምሳ አምስት ብለው አልነበር?" አለች።

"እሱ ለቀበሌ ነው" አሉ ሳይዞሩ።

ሰባ ብዬ ጻፍኩ። እንዴት ብዬ ልከራከራቸው? በዚያ ቀን ሞጣ ውስጥ ብዙ ሰው አረጀ።

ከዚያ የገበያው ቀን መጣ።

ከጠዋት ጀምሮ ወፍጮ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጆንያው በቁመት፣ በጎኑ፣ አንዱ በሌላው ላይ ሆኖ ተከምሯል። ከሰዓት በኋላ መብራት እንደሚጠፋ አስቀድሞ ተነግሮ ስለነበር ሁሉም ከዚያ በፊት ሊያስፈጭ ይፈልጋል። ከሁሉም ይልቅ የቸኮሉት ወይዘሮ የሺ የሚባሉ የሩቅ ገጠር ሴት ናቸው። ልጃቸውን እሑድ ሊድሩ ነው። የሠርጉን ጤፍ በአህያ አስጭነው መጥተዋል። ዛሬ ተፈጭቶ ሊጡ ዛሬ ካልተቦካ እንጀራው ለሠርጉ አይደርስም። አክስቴ "እኔ ጋ አምጪው፣ መብራት ሳይጠፋ ፈጭቼ እሰጥሻለሁ" ብለው ቃል ሰጥተዋቸዋል። የወይዘሮ የሺ አገር ሰው ሁሉ እዚህ ወይስ ማዶ እንደሚያስፈጭ የሚወስነው ይህ ሠርግ መሆኑን አክስቴ ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ።

እስከ ረፋዱ መጨረሻ ድረስ ነገሩ ጥሩ ሄደ። አንድ ሰው ዱቄቱን ተሸክሞ ወጣ። እኔ "ቀጣይ" የሚለውን ነካሁ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ምንም ስም አልወጣም። አንዲት ክብ ነገር ብቻ ትሽከረከራለች።

ጠበቅን።

"ምን ሆነ?" አሉ አንድ ሰው።

"እየፈለገ ነው" አልኩ።

"ምኑን ይፈልጋል? ሰዉ እዚሁ ቁጭ ብሏል።"

"እያሰበ ይሆናል" አለ ሌላው።

"ወይም ደግሞ ጾም ላይ ነው።"

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ላፕቶፑ እንደ ሞተር መጮህ ጀመረ። ዓለሙ ከወፍጮው ጀርባ አንገቱን አወጣ።

"ባዶ እየፈጨሁ ነው፣ ይሄነው። ድንጋዩ እርስ በርሱ ተበላላ። ላጥፋው?"

"አንድ ጊዜ ብቻ ታገሠኝ።"

ታገሠ፤ ከዚያም አጠፋው። ወፍጮ ሲጠፋ እንዴት ያለ ጸጥታ እንደሚመጣ የሚያውቅ ያውቀዋል። እየጮኸ ሲያወራ የነበረ ሰው ሁሉ ድንገት የራሱን ድምፅ ሰምቶ ዝም አለ። ዝም ብሎ ደግሞ ወደ እኔ ዞረ።

ከመንገዱ ማዶ የአዲሱ ወፍጮ ባለቤት በራፉ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ጸጥታውን ሰምቷል። "እዚህ የሚያስብ የለንም፣ የሚፈጭ ብቻ ነው ያለን" አለ፣ ለማንም እንዳልተናገረ ሆኖ፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ።

አክስቴ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "ተወው። እንደ ድሮው በሰልፍ እናድርገው።"

"የትኛው ሰልፍ፣ አክስቴ?"

ሁለታችንም ወደ ክምሩ አየን። ሰልፍ የለም። ማን ከማን በፊት እንደመጣ የሚያውቀው ላፕቶፑ ብቻ ነው፤ ላፕቶፑ ደግሞ እያሰበ ነው።

ፈንክሽኑ ምን ላይ እንደቆመ ለማየት በያንዳንዱ እርምጃ የያዘውን ስም እንዲያሳየኝ አዘዝኩት። ቴሌቪዥኑ አሁንም ከላፕቶፑ ጋር እንደተያያዘ ግን ረስቼዋለሁ።

"ቄስ ሞገስ" የሚል ግድግዳው ላይ ወጣ። ቄስ ሞገስ ወጣት ቄስ ናቸው፤ ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ነበርና ብድግ አሉ። እሳቸው ቀና ሳይሉ "ጋሽ ተድላ" አለ። ጋሽ ተድላ ተነሡ፤ ቄሱ ተቀመጡ። "ወይዘሮ የሺ" አለ። ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ ጋሽ ተድላ እያጉረመረሙ ተቀመጡ። "ቄስ ሞገስ።" ቄሱ ተነሡ። "ጋሽ ተድላ። ወይዘሮ የሺ። ቄስ ሞገስ።" ቀጥሎ እየፈጠነ ሄደ፤ ስሞቹ እንደ ዝናብ ወረዱ። ሦስቱም መነሣትና መቀመጡን ለጥቂት ጊዜ ሞከሩና ጋሽ ተድላ ጉልበታቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ።

"የሰባ ዓመት ሰው እንዲህ አይደረግም" አሉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ቄሱ ቀድመው ስለመጡ ፈንክሽኑ እሳቸውን አነሣ። ቄሱ ወጣት ስለሆኑ ለሽማግሌው ለጋሽ ተድላ አሳለፉ። ጋሽ ተድላ የከተማ ሰው ስለሆኑ ከሩቅ ለመጡት ለወይዘሮ የሺ አሳለፉ። ወይዘሮ የሺ ደግሞ ለካህን አሳለፉ። ካህኑ ለሽማግሌው። ሦስት ጨዋ ሰዎች "እርስዎ ይቅደሙ፣ ኧረ እርስዎ" እየተባባሉ የዓለም መጨረሻ ድረስ ሊቆሙ ነው። ሰው ቢሆን ኖሮ አንዱ ይሰለቸውና ይገባ ነበር። ኮምፒውተር ግን አይሰለቸውም።

ፕሮግራሙን አቁሜ ወደ ደጅ ወጣሁና ለሰናይት ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። በስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማኝም።

"ሰናይት?"

"እየሳቅሁ ነው። ቆይ።" ከዚያ ድምፅዋን አስተካከለች። "ኩዌሪ ጻፍ።"

"ይህ ሁሉ ሕግ በኩዌሪ..."

"ስማኝ። ኩዌሪ ስትጽፍ ማን በማን እንደሚቀደም በአንድ መስመር አስተካክለህ መናገር አለብህ፤ መጀመሪያ በዚህ ደርድር፣ እኩል ከሆኑ በዚህ። ይህን መናገር ካልቻልክ ችግሩ ኮዱ አይደለም። ሕጉን ራሳችሁ አላወቃችሁትም። ገብተህ ጠይቃቸው፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ማን ይቀድማል? ስልኩን እንዳትዘጋው፣ ይህን መስማት እፈልጋለሁ።"

ገባሁ። ስልኩን ደረት ኪሴ ውስጥ አድርጌ ሰው ፊት ቆምኩ። በሕይወቴ ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ ያየሁት ነገር ምን እንድል እንደሚፈልጉ ነበር። አሁን ግን መጠየቅ ነበረብኝ።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አልኩ። "ካህን፣ ሽማግሌና ከሩቅ የመጣ ሰው አንድ ላይ ቢሆኑ ማነው የሚቀድም?"

"ካህን ነዋ" አለ አንዱ።

"ሽማግሌ ቆሞ?" አለ ሌላው።

"ሽማግሌውማ ቤቱ እዚሁ ነው። እሷ መንገድ አለባት።"

"መንገድ ያለበት ማልዶ አይነሣም?"

ቤቱ ለሦስት ተከፈለ። አክስቴ ዓይናቸው ሰዓቱ ላይ ነው። በመጨረሻ ቄስ ሞገስ እጃቸውን አነሡ።

"እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው የምቀድም" አሉ። "እዚህ ይዤ የመጣሁት ጤፍ ነው። እንደ ማንም ሰው በተራዬ አድርገኝ።"

ሁሉም ወደ ጋሽ ተድላ ዞረ። ጋሽ ተድላ ጣራውን አዩ፤ ወለሉን አዩ።

"እኔንም በዕድሜ አታስቀድመኝ" አሉ። "እንዲያውም ሰባውን አጥፋው። ሃምሳ አምስት ነኝ።"

"ለቀበሌ ነው ያሉት እኮ" አለች ያቺው ሴት።

"አሁን ለሁሉም ነው።"

ለቅሶ ቤትና አራስ ቤት ላይ የተከራከረ የለም። እሱ ያለ ንግግር ይቀድማል። ከእሱ ቀጥሎ፣ ቀድሞ የመጣ ይቀድማል። ይኸው ነው። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩት፤ ከሚጠብቁት ውስጥ፣ በመጀመሪያ ለቅሶ ቤትን፣ ቀጥሎ አራስ ቤትን፣ ቀጥሎ በመጡበት ሰዓት ደርድርና የመጀመሪያውን አንድ ሰው ስጠኝ። ሉፕ የለም። ተመልሶ የሚጠይቀው ነገር የለም። ያ ሁሉ ገጽ ጠፍቶ የቀረችው መዳፌ ላይ የምትጻፍ ነገር ነበረች።

ልነካው ስል አክስቴ ትከሻዬን ያዙኝ።

"ይሄነው" አሉ በሹክሹክታ፣ "በዚህ ከሆነ እኮ የሺ ኋላ ነው የምትቀር። መብራቱ ሊጠፋ ነው። ሠርግ ለሚለው አንዲት ነገር ጨምርበት።"

ወይዘሮ የሺ ሰምተዋል። የነጠላቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ መሬት መሬት ያያሉ። ጣቶቼ ተንቀሳቀሱ። አንዲት መስመር ናት። ሠርግ ቢጨመር ማን ይከፋዋል? ከኪሴ ውስጥ የሰናይት ድምፅ ቀጭን ሆኖ "እንዳትጨምር" አለ። እሷ ባትልም እያየሁት ነበር፤ ሠርግ ከገባ ነገ ክርስትና ይገባል፣ ከነገ ወዲያ ማኅበር ይገባል፣ ከዚያም እንደገና እዚሁ እንቆማለን።

"አክስቴ" አልኩ፣ "አልጨምርም።"

ወፍጮው ጠፍቶ ስለነበር ሁሉም ሰማ። አክስቴ እጃቸውን ከትከሻዬ አነሡ። ከተወለድኩ ጀምሮ ለእሳቸው እንዲህ ያለ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

"ቀጣይ" የሚለውን ነካሁት። ጣቴን ሳላነሣ ቴሌቪዥኑ ላይ ስም ወጣ። ቄስ ሞገስ። ስሙ አልተንቀሳቀሰም።

ቄስ ሞገስ ተነሡ። ወደ ክምሩ ሄደው ጆንያቸውን ፈለጉ፣ ጎትተው አወጡት። ከዚያ ወደ ወፍጮው ሳይሆን ወደ ግድግዳው ገፍተው አስጠጉት።

"ተራው የእኔ ነው አይደል?" አሉኝ።

"አዎ፣ አባ።"

"የእኔ ከሆነ ለፈለግሁት ልስጠው። የሙሽራዋን ጤፍ አምጡት።"

ዓለሙ ሳያስጨርሳቸው ወፍጮውን አስነሣ። ቤቱ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሠርጉ አንድ ጆንያ ብቻ አይደለም፤ ቀጣዩን ስነካ የሌላ ሰው ስም ወጣ፤ ያም ሰው "ይለፍ" ብሎ እጁን አወዛወዘ። ቀጥሎ ጋሽ ተድላ ወጡ። እሳቸው ትንሽ አሰቡ።

"ሃምሳ አምስት ነኝ፤ መቆም እችላለሁ" አሉና አሳለፉ።

የመጨረሻው የሠርግ ዱቄት ታስሮ አህያው ላይ ሲጫን መብራቱ ገና ነበር። የጠፋው የጋሽ ተድላ ጤፍ ወፍጮው አፍ ውስጥ እያለ ነው። ጋሽ ተድላ ከግማሽ ጆንያ ዱቄትና ከግማሽ ጆንያ ጤፍ መሃል ቆመው፣ "ይህንንስ ምን ይለዋል ኮምፒውተርህ?" ብለው ጠየቁኝ። ማንም ግን ወደ ማዶ አልሄደም። ማዶም ጨለማ ነበር፤ ቢሆንም አክስቴ ይህን እንደ ድል ነው የቆጠሩት። ወይዘሮ የሺ አህያቸውን ከመንዳታቸው በፊት ተመልሰው ገብተው፣ ሠርግ ባለበት ሁሉ እዚህ እንደሚልኩ ለአክስቴ ነገሯቸው። ከዚያ ወዲህም የዚያ አገር እህል አክስቴ ጋ ነው የሚፈጨው።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ዳታቤዝ የምትማሩ ካላችሁ ከዚህ የተማርኩትን ልንገራችሁ። የማትማሩም ብትሆኑ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ። ፕሮሲጀራል መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። የጋሽ ተድላን ጥያቄ የመለስኩት በእሱ ነው። መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ መጀመሪያ የተፈጨውን መዝግብ፣ ከዚያ ቀሪውን ከፊት መልስ፣ ባለቤቱ ወስዶት ከሄደ ግን ተራውን ሰርዝ የሚል ነገር እርምጃ በእርምጃ ካልሆነ አይጻፍም። እዚያ ላይ ሥራው ራሱ ቅደም ተከተል አለው። "ማነው?" "ስንት ነው?" "የትኛው ነው?" ለሚል ጥያቄ ግን ነጠላ ኩዌሪ ይበቃል። አጭር ስለሆነ ብቻ አይደለም። ኩዌሪ ሐሳባችሁን አስቀድማችሁ እንድትጨርሱ ያስገድዳችኋል። እኔ እርምጃ በእርምጃ የጻፍኩት ለመወሰን ስለፈራሁ ነበር። ለሁሉም እሺ እያልኩ እያንዳንዷን እሺ አንድ አንድ መስመር አደረግኋት፤ እሺዎቹ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን አልጠየቅሁም።

ሌላም ነገር አለ። እኔ ትሕትናውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ካላስገባሁት የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ተራውን ብቻ በግልጽ ሲናገር፣ ትሕትናውን ሰዎቹ ራሳቸው አደረጉት፤ ደግሞም ከእኔ አሳምረው አደረጉት። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ተራ ለማንም ሊሰጥ አይችልም።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተመለስኩ በኋላ የዶርም ልጆች ዳታቤዝ መሥራቴን ሰሙ። የእኛ ሕንጻ ውኃ የሚመጣው ለትንሽ ጊዜ ነው፤ ሻወሩም አንድ ነው። የሻወር ተራ የሚጠራ ፕሮግራም ሥራልን አሉኝ። አንዱ ጠዋት ፈተና ያለው ይቅደም አለ። ሌላው ኳስ ተጫውቶ የመጣ ይቅደም አለ። ሌላው ዘመድ ሊጠይቀው የመጣበት ይቅደም አለ። የድሮው ይሄነው ቢሆን ይህን ጊዜ ላፕቶፑን ከፍቶ ነበር።

"ሁላችሁም ተቀመጡ" አልኳቸው። "መጀመሪያ ማን ከማን እንደሚቀድም ተስማሙ። ስትስማሙ እጽፋለሁ።"

ተቀመጡ፤ መከራከርም ጀመሩ። ይህን ስጽፍ ድምፃቸው ከግድግዳው ወዲያ ይሰማኛል፣ ገና አልተስማሙም። እኔ በመሃሉ ፎጣዬን ይዤ ወጥቼ፣ ገላዬን ታጥቤ ተመልሻለሁ።